ገመዱ ሲቆረጥ መድረኩ ላይ የቆመው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1854 በኒውዮርክ ክሪስታል ፓላስ ዐውደ ርዕይ ላይ ኤሊሻ ኦቲስ የተባለ መካኒክ ሰው በተጨናነቀበት አዳራሽ ውስጥ ዙሪያው ክፍት የሆነ የዕቃ ማንሻ አቆመ። መድረኩ ላይ ራሱ ወጣ። መድረኩ ከተመልካቹ ራስ በላይ ከፍ ሲል፣ አንጠልጥሎ የያዘው ገመድ እንዲቆረጥ አዘዘ። ገመዱ ተቆረጠ። መድረኩ ትንሽ ሸርተት አለና ባለበት ቀጥ አለ። ኦቲስም ከላይ ሆኖ ምንም እንዳልሆነ ለሕዝቡ ተናገረ።

ምስጢሩ የጋሪ ባሌስትራ ነበር። ገመዱ ክብደት ተሸክሞ እስከተወጠረ ድረስ ባሌስትራው ተለጥጦ ይቆያል፤ ገመዱ ሲበጠስ ግን ወደ ቦታው ይመለስና በግራና በቀኝ ቋሚዎች ላይ ያሉትን የመጋዝ ጥርስ የመሰሉ ብረቶች ይነክሳል። ይህን በወረቀት ሥሎ ማስረዳት ይቻል ነበር። በጋዜጣ ማስነገርም ይቻል ነበር። ነገር ግን የማንሻ ገመድ ተበጥሶ ሰው መጉዳቱ በዚያ ዘመን የታወቀ ስለነበር “የእኔ አይወድቅም” የሚል ቃል ብቻውን ውሃ አያነሳም። ኦቲስ ራሱን መያዣ አድርጎ አቀረበ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1857፣ በዚያው ከተማ በብሮድዌይ ጎዳና በሚገኝ ባለ አምስት ፎቅ መደብር ውስጥ የሰው ማጓጓዣ አሳንሰሩ ሥራ ጀመረ። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የገበያ ባለሙያዎች ይህን መሰሉን ሥራ “ኤክስፔሪየንሻል ማርኬቲንግ” ይሉታል። በአማርኛ ልምድ ተኮር ግብይት እንበለው። ድርጅቱ ስለ ምርቱ ከሚያወራ ይልቅ ሰው ቀርቦ እንዲነካው፣ እንዲሞክረው፣ እንዲሠራበት፣ አንዳንዴም እንዲጫወትበት ያደርጋል። ስሙ የተስፋፋው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። በ1998 ጆሴፍ ፓይንና ጄምስ ጊልሞር የተባሉ ሁለት አማካሪዎች በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ ኢኮኖሚው ከጥሬ ዕቃ ወደ ሸቀጥ፣ ከሸቀጥ ወደ አገልግሎት እንደተሸጋገረ ሁሉ አሁን ደግሞ ልምድ ራሱ የሚሸጥ ነገር ሆኗል አሉ። ከዚያ ወዲህ ይህን ብቻ የሚሠሩ ኤጀንሲዎች ተፈልፍለዋል፤ ትልልቆቹ ብራንዶችም ለዚሁ ራሱን የቻለ በጀት ይመድባሉ።

በእኔ እምነት ግን አብዛኛው አዘጋጅ ነገሩን የሚይዘው በተሳሳተ ጫፉ ነው። ስብሰባው የሚጀምረው “ምን ያህል ይደምቃል? ስንት ሰው ይመጣል? ስንቱ ፎቶ አንስቶ ይለጥፋል?” በሚሉ ጥያቄዎች ነው። የኦቲስ ትርኢት ሰውን ያሳመነው ግን መድረኩ ሊወድቅ ይችል ስለነበር ነው። ተመልካቹ መጨረሻው ገና ያልታወቀ ነገር አየ። ቢወድቅ የሚሰበረውም የሻጩ አጥንት ነበር። እኔ አንድ ዝግጅት ስመለከት የምጠይቃቸው ሁለት ጥያቄዎች ከዚሁ የመጡ ናቸው። ምርቱ እዚህ ቦታ ላይ ሊሸነፍ ይችላል ወይ? ቢሸነፍስ የሚጎዳው ማን ነው?

ጥያቄዎቹ ዛሬ ይበልጥ የሚያስፈልጉበት ምክንያት አለ። ሰው በስልኩ ላይ ለሚመጣለት ማስታወቂያ ጆሮ ዳባ ልበስ ማለትን ከለመደ ቆይቷል፤ ጣቱ ራሱ ሳያስበው ይዘለዋል። ይህ የቆየ ችግር ነው። አዲሱ ችግር ዓይንም መታመኑን እያጣ መሆኑ ነው። በ2023 ሜይቤሊን የተባለው የመዋቢያ ብራንድ አንድ ቪዲዮ ለቀቀ። የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ግንባሩ ላይ ትልልቅ ሽፋሽፍት ተተክሎለት ወደ ጣቢያው ይገባል፤ ከላይ የተሰቀለ ግዙፍ ብሩሽም ሽፋሽፍቱን ማስካራ ይቀባዋል። በዚያው ዓመት ዣክሙስ የተባለው የፋሽን ቤት መኪና መኪና የሚያካክሉ የእጅ ቦርሳዎች በፓሪስ ጎዳና ላይ በጎማ ሲሄዱ አሳየ። ሁለቱም በኮምፒውተር የተሠሩ ነበሩ። ባቡሩም ቦርሳዎቹም የሉም። ሚሊዮኖች አዩት፣ ብዙዎችም እውነት መስሏቸው ተቀባበሉት። ከዚያ ወዲህ ይህ ዓይነቱ ቪዲዮ ፋሽን ሆኖ ቀርቷል።

በአጭር ጊዜ ያዋጣል፤ መንገድ መዝጋት የለ፣ ፈቃድ የለ፣ ዝናብ የለ። ዳፋው ግን ለሁላችንም ይተርፋል። ሰው አንድ ጊዜ ከተሸወደ በኋላ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛ ነገር በእውነተኛ አደባባይ ላይ የሠራውንም ድርጅት በስክሪን አይቶ “ይኼም የኮምፒውተር ነው” ይለዋል። እንግዲህ የማይጭበረበር ሆኖ የሚቀረው በአካል ተገኝቶ የነኩት ነገር ነው። ልምድ ተኮር ግብይት ዋጋው የናረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ሐሰት ሲገባበት የሚያመውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እጅ የነካውን ነገር አእምሮ በምን መልኩ እንደሚይዘው በደንብ ተጠንቷል። ጆአን ፔክና ሱዛን ሹ በ2009 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች ተራ ዕቃዎችን፣ ለምሳሌ አንድ ኩባያን፣ እንዲነኩ ወይም እንዳይነኩ አደረጉ። የነኩት ሰዎች ሳይገዙት ገና “የእኔ” የሚል ስሜት አደረባቸው። በ2012 ደግሞ ማይክል ኖርተን፣ ዳንኤል ሞቾንና ዳን አሪሊ ሰዎችን ወረቀት እያጠፉ ቅርጽ እንዲሠሩ አደረጓቸው። ሠሪዎቹ ለገዛ ሥራቸው የሰጡት ዋጋ ሌላው ሰው ለዚያው ወረቀት ከሰጠው አምስት እጥፍ ያህል ነበር። የዚህ ጥናት ብዙ የማይወራለት ክፍል ግን ለአዘጋጆች ዋነኛው ነው። ሰዎቹ የጀመሩትን ሥራ ሳይጨርሱ ሲቀሩ፣ ወይም የሠሩት ወዲያው ሲፈርስባቸው፣ ያ ፍቅር አብሮ ይጠፋል።

ይህን ይዛችሁ አንድ ዐውደ ርዕይ ዞር ዞር በሉ። ጎብኚው አንድ ነገር መሥራት ይጀምራል፤ ከኋላው ሰልፍ ስላለ አስተናጋጁ “ይበቃል፣ ይበቃል” ብሎ ከእጁ ይቀበለዋል። ተሳትፎ ተብሎ ይመዘገባል። ለሦስት መቶ ሰው ግማሽ ሥራ ከማስያዝ ለሠላሳ ሰው ሙሉ ሥራ ማስጨረስ ይሻላል። አለቆች ይህን መስማት አይወዱም፤ ሦስት መቶ የሚለው ቁጥር ሪፖርት ላይ ያምራልና።

ከመደብሮች ወገን ለዚህ ቀላሉ ምሳሌ አፕል በ2001 የከፈታቸው የመጀመሪያ ሱቆች ናቸው። ኮምፒውተሮቹ በርተው፣ ኢንተርኔት ተገናኝተው ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ፤ የገባ ሁሉ እንደ ራሱ ዕቃ ይነካካቸዋል። ኮምፒውተሩ ቀርፋፋ ወይም አስቸጋሪ ከሆነ ሻጩ የሚደብቅበት ቦታ የለም።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ልመለስ፣ መሸነፍ ይችላል ወይ ወደሚለው። ለዚህ ከፔፕሲ ቻሌንጅ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም። ፔፕሲ በ1975 በአሜሪካ የገበያ ማዕከላት ጠረጴዛ ዘረጋና አላፊ አግዳሚውን ስም ከሌላቸው ሁለት ኩባያዎች እንዲቀምስና የወደደውን እንዲመርጥ ጋበዘ። አንዱ ፔፕሲ፣ ሌላው ኮካ ኮላ። ቀማሹ ሲመርጥ ምልክቱ ይገለጣል። እዚህ ጋ ልብ በሉ፤ በእያንዳንዱ ኩባያ ፔፕሲ ሊሸነፍ ይችል ነበር፤ በርካታ ሰው ኮካን መርጧል። ፔፕሲን የመረጠው ሰው ግን ስሙን ከፔፕሲ አፍ ሳይሆን ከገዛ ምላሱ ሰማ። ዕድሜ ልኩን ኮካ ሲጠጣ የኖረ ሰው በገዛ ምርጫው ሲደነግጥ ቆመው የሚያዩት ሰዎችም ወሬውን ቤታቸው ይዘው ገቡ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን ልምድ ራሱ ሊያሳስት እንደሚችል የሚያሳየው ቀጣዩ ክፍሉ ነው። ከኩባያ አንድ ጉንጭ መጎንጨትና ሙሉ ጣሳ መጠጣት አንድ አይደሉም፤ በአንድ ጉንጭ ጣፈጥ ያለው ያሸንፋል፣ ሙሉውን ሲጠጡት ግን ያው ጣፋጭነት ሊሰለች ይችላል። ኮካ ኮላ በፉክክሩ ተጨንቆ ወደ 200,000 ሰው አስቀመሰና በኤፕሪል 1985 አዲስ ቅመም ያለው ኮካ አወጣ። ቅምሻው አዲሱን ደግፎ ነበር። ሕዝቡ ግን ተቆጣ፤ ኩባንያው በ79 ቀኑ የቀድሞውን መልሶ አመጣ። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2004፣ የነርቭ ተመራማሪዎች የሁለቱን መጠጦች ቀማሾች አእምሮ በመሣሪያ ሲያዩ፣ ሰው የሚጠጣው ኮካ መሆኑን ማወቁ ብቻ ምርጫውንም የአእምሮውን እንቅስቃሴም እንደሚለውጥ አገኙ። ድንኳን ውስጥ የተገኘ ልምድ ከኑሮ ውስጥ ካለው ልምድ ጋር ካልተመሳሰለ ሞካሪውንም አስሞካሪውንም ያሳስታል።

ለዚህ ነው በ2011 ኢኬያ የተባለው የቤት ዕቃ ሻጭ እንግሊዝ ውስጥ ያደረገውን የምወደው። ወደ 100,000 የሚጠጉ ሰዎች በፌስቡክ “ኢኬያ ውስጥ ማደር እፈልጋለሁ” በሚል ቡድን ተሰብስበው ነበር፤ ኩባንያው ሰማቸውና መቶ ያህሉን በኤሴክስ ቅርንጫፉ አሳደራቸው። የእንቅልፍ ባለሙያ አቆመላቸው፣ ፍራሽ አስመረጣቸው። ፍራሽን ሱቅ ውስጥ ጫማ እንዳደረጉ ሁለት ደቂቃ ጋደም ብሎ መፈተሽ ከአንድ ጉንጭ ቅምሻ አይለይም። አንድ ሙሉ ሌሊት ግን ፈተና ነው። ወገቡን ያመመው ሰው ጠዋት ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ኢኬያ ያንን ዕዳ ተቀብሎ ነው በሩን የከፈተው። ሐሳቡ ከሰዎቹ መምጣቱም ቀላል ነገር አይደለም። ድርጅቱ የሠራው የሰማውን መፈጸም ነበር።

ከዚህ ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ የሚጠቀሰው፣ ሬድ ቡል የተባለው የኃይል መጠጥ ያዘጋጀው ዝላይ ግን ሌላ ዘር ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 2012 ፌሊክስ ባውምጋርትነር ከ38,969 ሜትር ከፍታ ዘሎ የድምፅን ፍጥነት በገላው አለፈ፤ በዩቲዩብ ብቻ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው በአንድ ጊዜ በቀጥታ ይከታተል ነበር። የሰው ልጅ ትልቅ ሥራ ነው፤ እኔም ልቤ ተንጠልጥሎ ያየሁት ነው። ሆኖም ተመልካቹ ምንም አልሠራም። መጠጡም አልተፈተነም። ስፖንሰርነት ነው፣ ምናልባትም ከታዩት ሁሉ የተዋጣለት። ይህን ዓይቶ “እኛም እንዲህ ያለ ነገር እናድርግ” የሚል ትንሽ ድርጅት ትርኢትን ከልምድ ጋር አደባልቆ ገንዘቡን ይበትናል።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውንና የሚያሳዝነውን አብሮ የያዘ አንድ ምሳሌ። በ2009 ቮልስዋገን ስቶክሆልም ውስጥ ኦደንፕላን በሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ የደረጃውን እርከኖች የፒያኖ ቁልፍ አደረጋቸው። ሰው ሲረግጣቸው ይዘፍናሉ። ጎኑ ተንቀሳቃሽ ደረጃ እያለ፣ ከወትሮው 66 በመቶ የሚበልጥ ሰው በእግሩ መውጣትን መረጠ ተባለ። ቪዲዮውን ያየ ሁሉ ፈገግ ሳይል አያልፍም፤ ትልልቅ ሰዎች ወደኋላ ተመልሰው አንዷን ቁልፍ ደግመው ሲረግጧት ይታያል። ዘመቻው “ደስታ የሰውን ጠባይ ወደ መልካም ይለውጣል” የሚል ነበር፤ ኩባንያው ያገናኘውም ለአካባቢ አየር ተስማሚ ናቸው ከሚላቸው መኪኖቹ ጋር ነው። በሴፕቴምበር 2015 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ያወጣው መረጃ ግን ኩባንያው የናፍጣ መኪኖቹ በምርመራ ጊዜ ብቻ ጭሳቸውን እንዲቀንሱ የሚያደርግ ሶፍትዌር እንደጫነባቸው አጋለጠ። በዓለም ዙሪያ ወደ 11 ሚሊዮን መኪና ነበር። ደረጃው ላይ የዘፈኑት ሰዎች ያስተዋሉት ሊሆን አይችልም፤ ደረጃው ስለ መኪናው ምንም አይናገርም ነበርና። ምርቱ ባልተገኘበት ቦታ ምርቱ አይሸነፍም። ለእኔ ያ ዘመቻ የእንቧይ ካብ የሆነው ቅሌቱ በተገለጠበት ቀን ሳይሆን ቁልፎቹ በተነጠፉበት ቀን ነው።

ስለ ራሴ ገጠመኝ ልናገር። አንድ የቴክኖሎጂ ዐውደ ርዕይ ላይ በመነጽር ምናባዊ ዓለምን ያሳያል የተባለ ትልቅ ድንኳን ፊት አርባ ደቂቃ ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ መጀመሪያ የተሰጠኝ መነጽሩ አልነበረም፤ ታብሌት ነው። ሙሉ ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል፣ የሥራ ቦታ። አስተናጋጇን “ይህን ካልሞላሁ ማየት አልችልም?” አልኳት። “ሲስተሙ አያስገባኝም” አለች፤ ፊቷ ላይ እሷም እንዳፈረች ይታይ ነበር። ሞላሁ። መነጽሩን አጠለቁልኝ፤ ከተራራ ላይ የሚበር ፊልም ለዘጠና ሴኮንድ አየሁ። መነጽሩ ከቀደመኝ ሰው ላብ እርጥብ ነበር። ከዚያ በሌላ በር አወጡኝና የብራንዱ ስም በተደረደረበት ግድግዳ ፊት አቁመው ፎቶ አነሱኝ። ለሦስት ሳምንት ያህል በስልኬ መልእክት ሲጎርፍ የድርጅቱን ስም አውቀዋለሁ፤ ምን እንደሚሸጥ ግን እስካሁን አላውቅም።

ከዚያ ቀን የተረፈኝ እርጥቡ መነጽርና የመውጫው በር ነው። ይህም በአጋጣሚ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ በ1993 ያሳተሙት ሙከራ አለ። ሰዎች አንድ እጃቸውን 14 ዲግሪ በሆነ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለ60 ሴኮንድ ነከሩ። በሌላኛው ዙር እንዲሁ ለ60 ሴኮንድ ነክረው፣ ሳያወጡ ውሃው ቀስ እያለ ወደ 15 ዲግሪ እስኪደርስ 30 ሴኮንድ ጨመሩ። የትኛውን መድገም ትመርጣላችሁ ሲባሉ ከ32ቱ 22ቱ ረጅሙን መረጡ። ሥቃዩ በጠቅላላው የሚበልጠው ረጅሙ ነው፤ አጨራረሱ ግን ለስለስ ያለ ነበር። ትዝታ የሚሠራው ከሁሉ የከረረችውን ቅጽበትና መጨረሻዋን ይዞ ነው። አዘጋጆች ገንዘቡን ሁሉ መግቢያው ላይ ያፈሱታል። መብራት፣ ቅስት፣ ሙዚቃ። መውጫው ላይ የሚቆመው ግን የደከመው አስተናጋጅ፣ የቆሻሻ ማጠራቀሚያውና “እንዴት ነበር? ከ1 እስከ 5 ይስጡን” የሚለው ወረቀት ነው።

አስተናጋጁን ካነሳሁ አይቀር፣ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የተረሳው እሱ ነው። ድንኳኑ ለወራት ይነደፋል፤ በውስጡ የሚቆመው ወጣት ግን በቀን ሒሳብ ተቀጥሮ፣ በዋዜማው የግማሽ ሰዓት ገለጻ ተሰጥቶት፣ ስለ ምርቱ ከአምስት ዓረፍተ ነገር በላይ ሳያውቅ ለአሥር ሰዓት ይቆማል። ጎብኚው ስድስተኛውን ጥያቄ ሲጠይቅ ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ከጌጡ ላይ ሲሶውን ቀንሶ ምርቱን የሠራውን መሐንዲስ ሁለት ቀን እዚያ ማቆም ይሻላል እላለሁ። ስፖት ላይት የማይወድ መሐንዲስ ቢሆንም፣ “ይኼ ለምን እንዲህ ሆነ?” ሲባል የሚመልሰው አለው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። ቢሳሳት የሚጎዳው ማን ነው? ኦቲስ መድረኩ ላይ የቆመው ራሱ ነው። ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች ግን ሌላ ሰው አቁመውበታል።

ቀላሉ ስህተት የአለመፈተሽ ነው። በጁን 2005 ስናፕል የተባለው የመጠጥ ብራንድ በኒውዮርክ ዩኒየን ስኩዌር ከ17 ቶን በላይ የሚመዝን፣ ቁመቱ 25 ጫማ የሆነ በእንጨት የተሰካ የጭማቂ በረዶ ለማቆም ሞከረ፤ የዓለም ክብረ ወሰን ሊሰብር። ቀኑ ሞቃት ነበር። ክሬኑ ማንሳት ሲጀምር በረዶው ቀልጦ ጎዳናውን በኪዊና በስትሮቤሪ ጭማቂ አጥለቀለቀው፤ እግረኛው ተንሸራተተ፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጥተው መንገዱን በውሃ አጠቡ። የቀለጠው በረዶ የስናፕል ነው፣ የታጠበው መንገድ ግን የሕዝብ ነበር።

ከዚህ የሚከፋው ያልተጠየቀ ሰውን ተሳታፊ ማድረግ ነው። በጃንዋሪ 31 ቀን 2007 በቦስተን ድልድዮችና ባቡር ጣቢያዎች ላይ መብራት የሚያበሩ ሽቦ የወጣላቸው ሰሌዳዎች ተገኙ። የአንድ የካርቱን ፕሮግራም ማስታወቂያ ነበሩ፤ ማንም ግን አልተነገረውም። ፖሊስ ቦምብ ናቸው ብሎ መንገድና ድልድይ ዘጋ፤ ከተማይቱ ለሰዓታት ታመሰች። የቴሌቪዥን ጣቢያው ባለቤት ቴርነር ብሮድካስቲንግ 2 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ የጣቢያው ኃላፊም ሥራውን ለቀቀ። “አስገራሚ ይሁን፣ ድንገት ይሁን” የሚለው ፍላጎት በዚህ ሙያ ውስጥ እንደ ቅዱስ ነገር ይታያል። ድንገት የሚሆነው ግን ለመጣው እንግዳ እንጂ ለመንገዱ ባለቤት መሆን የለበትም።

ነገሩ ሕይወት እስከ ማጥፋትም ደርሷል። በዚያው ጃንዋሪ 2007 በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አንድ የሬዲዮ ጣቢያ የጌም መጫወቻ ሽልማት አስይዞ፣ ብዙ ውሃ ጠጥቶ ሽንቱን ረጅም ጊዜ የያዘ ያሸንፋል የሚል የቀጥታ ውድድር አካሄደ። የሦስት ልጆች እናት የሆነች የ28 ዓመት ሴት ከውድድሩ በኋላ ቤቷ ሞተች። ከልክ ያለፈ ውሃ በደም ውስጥ ያለውን ጨው አቅጥኖ ይገድላል፤ ይህንንም ውድድሩ በአየር ላይ እያለ ወደ ጣቢያው ደውሎ የተናገረ ሰው ነበር። በ2009 ፍርድ ቤት ለቤተሰቧ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ፈረደ። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ስልኩ ነው። ማቆም የሚችል ሰው ስቱዲዮው ውስጥ ነበር፤ ማስጠንቀቂያውም ደርሶታል፤ ፕሮግራሙ ግን ቀጥሏል። በማንኛውም የቀጥታ ዝግጅት ላይ “አቁሙ” የማለት ሥልጣን ያለው፣ ከዝግጅቱ ስኬት ምንም የማይጠቀም አንድ ሰው መኖር አለበት። ስሙ በወረቀት የተጻፈ፣ ሁሉም የሚያውቀው።

አካልን የማይጎዳ፣ ግን እውነትን የሚጎዳም አለ። በ1929 የፋሲካ ቀን በኒውዮርክ አምስተኛ ጎዳና ሴቶች በሰልፍ መሀል ሲጋራ አቀጣጥለው ሄዱ፤ ጋዜጦች የነፃነት ምልክት አድርገው ዘገቡት። ከበስተጀርባ ያዘጋጀው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ኤድዋርድ በርኔይስ ነበር፤ የከፈለው ደግሞ የሲጋራ ኩባንያ። ተመልካቹ የቀጥታ የታሪክ ቅጽበት ያየ መሰለው። ማን እንደከፈለ ቢያውቅ ያየውን በሌላ ዓይን ባየው ነበር። ይህን እስከ ዛሬ የሚማሩ ተማሪዎች እንደ ብልሃት መማራቸው ያሳዝነኛል። የገዛኸውን ሰልፍ የሕዝብ ሰልፍ አስመስሎ ማቅረብ ገመዱን ሳይቆርጡ የቆረጡ መምሰል ነው።

ስለ ልኬትም አንድ ነገር ልበል፤ እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ይባክናል። ከዝግጅቱ በኋላ የሚቀርበው ሪፖርት “ከተሳተፉት መካከል ይህን ያህሉ ምርቱን እንገዛለን አሉ” ይላል። መጀመሪያውኑ የመጣው ግን ብራንዱን የሚወድ ሰው ነው። ባይመጣም ይገዛ ነበር። የዝግጅቱን ውጤት ለማወቅ የሚቻለው የመጡትን ሊመጡ ፈልገው ካልመጡት ጋር በማነፃፀር ነው። ቦታው ውስን ከሆነ ደግሞ ይህ በጣም ቀላል ነው፦ ሰው ይመዝገብ፣ ዕጣ ይውጣ፣ ዕጣ የደረሰው ይግባ። ከሦስት ወር በኋላ ዕጣ የደረሰውንና ያልደረሰውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ልዩነቱ የዝግጅቱ ነው። ምንም ልዩነት ከሌለ የተደገሰው ለወዳጅ ነው ማለት ነው፤ ወዳጅን መጋበዝ ክፉ አይደለም፣ ግን በትክክለኛ ስሙ ይመዝገብ።

መረጃ መሰብሰቡንም በዚህ ዓይን አየዋለሁ። ከሜይ 2018 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ ስምምነት በነፃ ፈቃድ የተሰጠ መሆን አለበት ይላል። አርባ ደቂቃ ያሰለፉትን ሰው በሩ ላይ “ስልክህን ካልሰጠህ አትገባም” ማለት ምን ዓይነት ነፃ ፈቃድ እንደሆነ አይገባኝም። መጀመሪያ ይሞክር። ከወደደው መውጫው ላይ ስልኩን ራሱ ይሰጣል፤ ካልሰጠም ያ ራሱ መልስ ነው።

በዚያው ዐውደ ርዕይ፣ ከመነጽሩ ድንኳን ወጥቼ ስሄድ ጥግ ላይ አንድ ጠባብ ቦታ አየሁ። ጠረጴዛ፣ አራት የቢሮ ወንበሮች፣ አንድ ቁልፍ መፍቻ፣ አንዲት ሴት። ወንበሩ ቢሰበር ባለቤቱ ራሱ ሊጠግነው ይችላል ነው የሚሉት። ሴትዮዋ መፍቻውን ሰጠችኝና “ጎማውን አውጥተው ይቀይሩት፣ ከዚያ ይቀመጡበት” አለችኝ። ስሜን አልጠየቀችኝም። ተንበርክኬ አንዱን ጎማ ፈታሁት፤ አዲሱን ስከት ግን ሁለት ጊዜ እምቢ አለኝ። ላግዝዎት አላለችም። ዝም ብላ ጎንበስ ብላ እጄን ታየኛለች። በሦስተኛው ሲገባልኝ ተነሥቼ ተቀመጥኩበት፤ ወንበሩ አልተንገጫገጨም። ከኋላዬ የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ እሷ ግን አላስቸኮለችኝም።

“የቱ ጋ ነው ያስቸገረዎት?” አለችኝ።

ቀዳዳውን አሳየኋት። ከኪሷ ደብተር አወጣችና፣ ከላይ እስከ ታች በትናንሽ ጽሑፍ በተሞላ ገጽ ላይ አንድ መስመር ጨመረች። “ዛሬ ሰባተኛ ነዎት፤ ቀዳዳው ጠቧል ማለት ነው። ለፋብሪካው እነግራቸዋለሁ” አለችና መፍቻውን ከኋላዬ ለቆመው ሰው አቀበለችው።